ያልተንቀሳቀሰ ሁሉ ያረፈ አይደለም
(ስለ ኃይልና ስለ ፍጥነት ለውጥ፤ ከእስክንድርያ እስከ ሃላሌ ተዳፋት)

ሦስቱን የእንቅስቃሴ ሕግጋት ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን የለም። በቃላችን ይዘናቸዋል፤ ለፈተና ጽፈናቸዋል፤ ከፈተናውም በኋላ ከደብተሩ ጋር አብረን ዘግተናቸዋል። ይህ የሆነው ከስንፍና ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ምሳሌዎቹ ራሳቸው ሩቅ ናቸው። በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው፣ ሰበቃ በሌለው ጠረጴዛ ላይ የሚገፋ ሣጥን፣ በመዘውር ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ክብደቶች። ኧረ ለመሆኑ ሰበቃ የሌለው ጠረጴዛ የት አገር ነው የሚሸጠው? ተማሪው ሕጉን የሚያገኘው በማያውቀው ዕቃ ላይ ስለሆነ፣ ሕጉም የማያውቀው ዓለም ሕግ መስሎ ይታየዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። በወላይታ ዞን የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ መቀመጫ ሃላሌ ትባላለች። አገሩ ከደጋው ተነሥቶ ወደ ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ተዳፋት ነው። ከወንዙ ማዶ ዳውሮ ነው። በዚሁ ወሰን ላይ ኦሞን የዘጋው የጊቤ 3 ግድብ ቆሟል። ሥራው በ1998 ዓ.ም. ተጀምሮ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ቁመቱ 243 ሜትር ሲሆን ሐይቁ ሲሞላ ወደ 14.7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። እንግዲህ በዚሁ ወረዳ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራቶ ከ10 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 15 ቀን፣ በጎረቤቱ በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል።

በአንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ ማለት ነው። አንዱ እንዳይንቀሳቀስ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ሌላው አይንቀሳቀስም ተብሎ የታመነ ነበር፤ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱንም የሚገዛው ሕግ ግን አንድ ነው። ይኸውም ጸጥ ብሎ የቆመ ነገር ኃይል የሌለበት ነገር አይደለም፤ ኃይሎቹ የተቻቻሉበት ነገር ነው። ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለማግኘት የሰው ልጅ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። እኛም ታሪኳን ብንከተል ወዴት እንደምታደርሰን እናያለን።

፩. ጥያቄው እንዴት ተገለበጠ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት አርስቶትል ያስተማረው ትምህርት ለዓይን የቀረበ ነበር። ጋሪ ካልተጎተተ ይቆማል። ስለዚህ እንቅስቃሴ ገፊ ይሻል፤ ዕረፍት ግን ምንም አይሻም። ከባድ ነገርም ከቀላሉ ይልቅ እንደ ክብደቱ መጠን ቶሎ ይወድቃል። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ሁሉ በዚህ ይስማማል፤ በሬዎቹ ከቆሙ ሞፈሩ መቼ ይሄዳል? ትምህርቱ ለብዙ መቶ ዓመታት የጸናውም ሞኞች ስለተቀበሉት ሳይሆን የዕለት ኑሮን ስለሚመስል ነው።

ይህን ትምህርት አጥብቀው ከተቃወሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ የተነሣው ከእኛው ጎረቤት ከእስክንድርያ ነው። ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ይባላል፤ የኖረውም በ6ኛው መቶ ዓመት ነበር። በአክሱም ዐፄ ካሌብ የነገሠበት፣ የአክሱም ቤተ ክርስቲያንም ጳጳስ ከእስክንድርያ የምትቀበልበት ዘመን ነው። ፊሎፖኖስ የአርስቶትልን መጽሐፍ ሲተረጉም ዝም ብሎ አልተረጎመም። አንዱ ከሌላው ብዙ እጥፍ የሚከብድ ሁለት ነገር ከአንድ ከፍታ ላይ ብትለቅ የሚወድቁበት ጊዜ ልዩነት እጅግ ትንሽ ነው አለ። ደግሞም የተወረወረ ድንጋይ ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚሄደው አየሩ ከኋላ እየገፋው ሳይሆን ወርዋሪው ያሳደረበትን ኃይል ይዞ ነው ሲል ጻፈ። የመጨረሻው ቃል አልነበረም፤ ነገር ግን ቁልፉ ተነካ። በዚያው ዘመን የነበረው ሌላው እስክንድርያዊ ኮስማስ፣ ካሌብ ወደ ሒምያር ለመዝመት ሲዘጋጅ አዱሊስ ላይ የነበረው ነጋዴ፣ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብሎ መጽሐፍ ጽፏል። ዕውቀትና ስሕተት በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ዛሬም ቢሆን እንዲሁ ነው።

ከሺህ ዓመት በላይ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1638 ጣሊያናዊው ጋሊሌዮ፣ በቤቱ ታስሮ ሳለ የጻፈው መጽሐፍ ላይደን ከተማ ታተመ። ጋሊሌዮ ነገሮች ሲወድቁ ለመለካት ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን አወዳደቃቸው ከሰዓቱ ፈጠነበት። ታዲያ ምን አደረገ? ውድቀቱን በተዳፋት አዘገየው። በረጅም እንጨት ላይ ቦይ ቀርጾ፣ አንደኛውን ጫፍ ጥቂት ከፍ አድርጎ፣ የነሐስ ኳስ ለቀቀበት። ጊዜውን የለካው ከዕቃ የሚንጠባጠበውን ውሃ በሚዛን እየመዘነ ነበር። ያገኘውም ይህ ነው፦ በአንድ የጊዜ ክፍል አንድ ስንዝር የሄደ ኳስ፣ በሁለት የጊዜ ክፍል አራት ስንዝር፣ በሦስት ዘጠኝ፣ በአራት አሥራ ስድስት ስንዝር ይሄዳል። ፍጥነቱ እኩል በእኩል እየጨመረ ይሄዳል ማለት ነው። ይህን የፍጥነት ጭማሪ አንዳንዶች ሽምጠጣ ይሉታል፤ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስን ላየ ሰው ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የእንቅስቃሴ ሳይንስ የተወለደው በተዳፋት ላይ ነው።

ከዚያ ግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1687፣ ኒውተን ታላቁን መጽሐፉን አወጣ። ጎንደር ላይ ቀዳማዊ ኢያሱ ዙፋኑን ከያዘ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር። ኒውተን ያደረገው ዋና ነገር ጥያቄውን መገልበጥ ነው። አርስቶትል «ነገሩ ለምን ይንቀሳቀሳል?» ብሎ ጠየቀ። ኒውተን ግን «የነገሩ እንቅስቃሴ ለምን ይለወጣል?» አለ። አንደኛው ሕግ፦ ኃይሎች ሚዛናቸውን እስካላጡ ድረስ የቆመው ቆሞ ይቀራል፣ የሚሄደውም በዚያው ፍጥነት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው፦ ከኃይሎቹ መካካስ በኋላ የሚተርፈው ኃይል፣ የነገሩን መጠነ ቁስ በፍጥነት ለውጡ ብናበዛ ከምናገኘው ጋር እኩል ነው። ሦስተኛው፦ የገፋኸው ሁሉ ያንኑ ያህል መልሶ ይገፋሃል።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። የቆመ ነገር «ምንም አልነካውም» ማለት አይቻልም። አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ተማሪ በስበት ወደ ታች ይሳባል፤ ወንበሩም ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይገፋዋል። የተረፈው ኃይል ዜሮ ስለሆነ ተቀመጠ። ወንበሩ የተሰበረ ዕለት ስበቱ አዲስ አይመጣም፤ ቀድሞም ነበረ። የጠፋው መላሹ ኃይል ነው። ዕረፍት ማለት የሁለት ተፋላሚዎች እኩል መሆን ነው እንጂ የጠብ አለመኖር አይደለም።

፪. ተዳፋቱ

አሁን ወደ ሃላሌ አካባቢ ተዳፋት እንምጣ። አግድም ከሆነው መሬት 30 ዲግሪ ያዘነበለ ተዳፋት እንውሰድ። በላዩ ያለው አፈር ክብደቱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ከፊሉ አፈሩን በተዳፋቱ ቁልቁል ይስበዋል፤ ከፊሉ ደግሞ አፈሩን ከሥሩ ካለው ጠንካራ መሬት ጋር ያጣብቀዋል። ቁልቁል የሚስበው ድርሻ ለእያንዳንዱ ኪሎግራም 4.9 ኒውተን ነው። የሚያጣብቀው 8.5 ኒውተን ያህል ነው። አፈሩን የሚይዘው ሰበቃ የማጣበቂያው ኃይል ከመቶ 60 እጅ ነው ብንል 5.1 ኒውተን ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ታች 4.9፣ ወደ ላይ እስከ 5.1። መሬቱ ይቆማል። ሣር ይበቅልበታል፤ እንሰትና ጎደሬ ይተከልበታል፤ ቤት ይሠራበታል። አያትም፣ አባትም፣ ልጅም እዚያው ይኖራሉ። ሦስት ትውልድ የቆመ መሬት ነው ተብሎ ይታመናል፤ እውነትም ቆሟል። የቆመው ግን በ0.2 ኒውተን ትርፍ ነው።

ከዚያ ክረምት ይመጣል። ሰዎች ብዙ ጊዜ «አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ስለከበደ ተናደ» ይላሉ። ነገሩ ከዚህ ይልቃል። አፈሩ በሰበቃ ብቻ የተያዘ ቢሆን ኖሮ፣ መክበዱ ብቻውን አይንደውም ነበር፤ ምክንያቱም ክብደቱ ሲጨምር ቁልቁል የሚስበውም፣ አጣብቆ የሚይዘውም አብረው በዚያው መጠን ይጨምራሉ። የሁለተኛው ሕግ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ መጠነ ቁሱ በሁለቱም ወገን ስለሚገኝ ይጣፋል። ታዲያ ውሃው ምን ያደርጋል? በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ሲሞላ ራሱ ይገፋል። ከክብደቱ ከፊሉን ውሃው ይሸከመዋል። አፈሩ ከሥሩ ካለው መሬት ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ይቀንሳል፤ ቁልቁል የሚስበው ግን አይቀንስም።

ይህን ነገር የሰው ልጅ ያወቀው በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1773 ፈረንሳዊው ኩሎምብ፣ በማርቲኒክ ደሴት ምሽግ ሲያሠራ ከቆየ በኋላ፣ አፈር በሁለት ነገር እንደሚያዝ ለአገሩ የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ፦ በመጣበቅና በሰበቃ። የውሃውን ድርሻ በትክክል ያስቀመጠው ግን ካርል ቴርዛጊ ነው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ኢስታንቡል ሲያስተምር በቀላል መሣሪያዎች ባደረገው ምርምር። አፈርን የሚይዘው ጠቅላላው ጫና ሳይሆን፣ ከጠቅላላው ጫና ላይ የውሃው ግፊት ተቀንሶ የሚተርፈው ነው አለ። የዘመናዊው የአፈር ምሕንድስና መሠረት ይህች አንዲት ቅነሳ ናት።

ስሌቱን እንጨርሰው። ውሃው ከማጣበቂያው ኃይል አንድ ሦስተኛውን ተሸከመ እንበል። 5.1 የነበረው ሰበቃ ወደ 3.4 ይወርዳል። ቁልቁል የሚስበው 4.9 እንዳለ ነው። የተረፈው 1.5 ኒውተን ለእያንዳንዱ ኪሎግራም፤ ማለትም በየሰከንዱ 1.5 ሜትር በሰከንድ የሚጨምር ፍጥነት። በመጀመሪያው ሰከንድ መሬቱ የሚሄደው 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሁለት ሰከንድ 3 ሜትር። በአራት ሰከንድ 12 ሜትር። በአሥር ሰከንድ 75 ሜትር፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ደርሷል። የጋሊሌዮ አንድ፣ አራት፣ አሥራ ስድስት እዚህም ትገኛለች፤ ልዩነቱ በቦዩ ላይ ያለው የነሐስ ኳስ ሳይሆን መንደር መሆኑ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአባቶች አነጋገር ስለ ወንዝ የተባለ ቢሆንም ለተዳፋትም ይሠራል።

በእውነተኛው መሬት ላይ ነገሩ ከዚህ ስሌት ይወሳሰባል። የዛፍ ሥር አፈሩን ሰፍቶ ይይዛል፤ የሸክላ አፈር እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ተዳፋቱ እዚህ ይከፋል፣ እዚያ ይለዝባል። ነገር ግን ዋናው ነገር አይለወጥም። መሬቱን የሚስበው ኃይል በናዳው ዕለት አልተፈጠረም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበረ።

፫. ግድቡ

አሁን ደግሞ እዚያው ወረዳ ጫፍ ላይ ወዳለው ግድብ እንሂድ። ጊቤ 3 የተሠራው በመዳመጫ ማሽን እየተጠቀጠቀ በተደራረበ ኮንክሪት ነው፤ ውሃውን የሚያግደውም በክብደቱ ነው። ውሃው ግን ተኝቶ አይደለም የሚጠብቀው። በ200 ሜትር ጥልቀት ላይ አንዲት ሜትር ካሬ ግድግዳ በ200 ቶን ክብደት ልክ ትገፋለች። ከላይ ዜሮ፣ ከታች 200 ስለሆነ አማካዩ 100 ነው። ይህን በ200 ሜትር ብናበዛው፣ ከዳር እስከ ዳር ካለው ርዝመት አንዲት ሜትር ብቻ በ20,000 ቶን ክብደት ልክ ወደ ፊት ትገፋለች። ሌትም ቀንም፣ በበዓልም በሥራ ቀንም።

ለምሳሌ ያህል ቁመቱ 200 ሜትር፣ የሥሩ ስፋት 160 ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን ግድብ በሐሳባችን እንሥራ። የአንዲት ሜትር ቁራጩ ክብደት፣ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 2.4 ቶን ስለሚመዝን፣ 38,400 ቶን ይሆናል። 20,000ውን ለመያዝ ሰበቃው ከክብደቱ ከመቶ 52 እጅ ቢሆን ይበቃል። ጥሩ ነው፤ ግድቡ ቆመ። ነገር ግን ውሃው በግድቡ ሥር ባለው ዐለት ስንጥቅ ውስጥም ይገባል፤ ገብቶም ግድቡን ሽቅብ ይገፋል። ምንም ካልተደረገለት ይህ ሽቅብ ግፊት በምሳሌያችን እስከ 16,000 ቶን ሊደርስ ይችላል። መሬቱን የሚጫነው 22,400 ብቻ ይቀራል። አሁን የሚያስፈልገው ሰበቃ ከመቶ 52 ወደ ከመቶ 89 ዘለለ። ያው ግድብ፣ ያው ኮንክሪት፣ ያው ሐይቅ፤ ሥሩ ውሃ ስለገባ ብቻ!

ይህም በነጻ የተገኘ ዕውቀት አይደለም። በፈረንሳይ አገር የቡዜ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1884 አንድ ክፍሉ ወደ ፊት ተንሸራተተ። ጠገኑት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 27 ቀን 1895 ተሰብሮ ከ80 በላይ ሰዎችን ገደለ። ሠሪዎቹ የሽቅቡን ግፊት በስሌታቸው ውስጥ አላስገቡትም ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው ሽቅብ ግፊት በግድብ ስሌት ውስጥ ቦታውን ያገኘው። ዛሬ እንዲህ ባሉ ትላልቅ ግድቦች ሥር ውሃው የሚወጣበት ጉድጓድ በመደዳ ይቆፈራል፤ በግድቡ ሆድ ውስጥም መተላለፊያ ይሠራል፤ ሰው እየገባ የሚወጣውን ውሃ ይለካል፣ የግድቡንም ንቅናቄ በሚሊ ሜትር ይከታተላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል። በተዳፋቱ ሥር የገባው ውሃና በግድቡ ሥር የሚገባው ውሃ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ሁለቱም ክብደትን ይሸከሙና ሰበቃን ይሰርቃሉ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ለግድቡ የውሃ መውጫ ተቆፍሮለታል፣ መለኪያ ተተክሎለታል፣ ጠባቂ ቆሞለታል። ለተዳፋቱስ?

(ግድቡ በታችኛው ኦሞ፣ በጎርፍ ሽሽ ያርስ በነበረው ሕዝብ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አላስገባነውም እንጂ አልረሳነውም።)

፬. ቫዮንት

ግድብና ተዳፋት በአንድ ቦታ የተገናኙበትን ታሪክ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። በሰሜን ጣሊያን የቫዮንት ግድብ ቁመቱ 262 ሜትር ያህል ነበር፤ ከዓለም ረጃጅም ግድቦች አንዱ ነው። ሐይቁ መሙላት ሲጀምር ከጎኑ ያለው ተራራ መንቀሳቀስ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1960 ከተራራው ጥቂቱ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ ከላይም ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስንጥቅ ተከፈተ። መሐንዲሶቹ አላዩትም አይባልም። አይተዋል፤ ለክተዋልም። ሐይቁን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ተራራውን ቀስ ብለን እናወርደዋለን ብለው አሰቡ። ለሦስት ዓመት ያህል ተራራው አንዳንዴ እየዘገየ፣ አንዳንዴ እየቆመ ተጓዘ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ንቅናቄው በቀን እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ደረሰ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1963 ሌሊት ከ250 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ የሆነ ተራራ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ከሐይቁ የተነሣው ማዕበል ግድቡን ዘሎ ሎንጋሮኔን የመሰሉ መንደሮችን ጠራርጎ ወሰደ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ግድቡ ግን አልፈረሰም! ዛሬም ቆሞ ይታያል። የግድቡ ስሌት ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ከግድቡ ጎን ያለው ነገር «ቆሟል» የሚለው እምነት ነው።

ከቫዮንት የሚገኘው ትምህርት በአንድ ቃል ይጠቃለላል፦ ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የፍጥነት ለውጥ ይለካ። በቀን አንድ ሳንቲ ሜትር የሚሄድ መሬት ዛሬም ነገም ያንኑ ከሄደ ኃይሎቹ ተቻችለዋል፤ አንደኛው ሕግ ይህንኑ ይላል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አራት ከሄደ ግን ሚዛኑ ተሰብሯል፤ የተረፈ ኃይል አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ተራራም እንዲሁ ቀስ በቀስ ይጀምራል፤ አጨራረሱ ግን ቀስ በቀስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ጃፓናዊው ፉኩዞኖ ከዚሁ ተነሥቶ፣ የሚፈጥነውን ንቅናቄ በመለካት ናዳው የሚደርስበትን ጊዜ መገመቻ መንገድ አሳየ።

፭. ለእኛ የሚቀረው

በገዜ ጎፋ የሆነውን አብዛኞቻችን ሰምተናል። የመጀመሪያው ናዳ ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ሮጦ መጣ፤ አፈሩን በእጁም፣ ባገኘው መሣሪያም መቆፈር ጀመረ። ሁለተኛው ናዳ የወረደው በእነሱ ላይ ነው። ከሞቱት ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። ጎረቤቱ ተቀብሮ ቆሞ የሚያይ ሰው በአገራችን የለም፤ እንዲኖርም አንፈልግም። ስለዚህ እነዚያን ሰዎች «ለምን ሄዱ» ብሎ መውቀስ ድፍረት ነው። ሊባል የሚገባው ሌላ ነው፦ ከመጀመሪያው ናዳ በኋላ ሚዛኑ ወደ ቦታው እንዳልተመለሰ ማን ነገራቸው? ከላይ የቀረው አፈር ከሥሩ ይደግፈው የነበረውን አካል አጥቷል። ገደሉ ከቀድሞው ቀጥ ብሏል። ውሃው አልወጣም። ጸጥታው የዕረፍት ጸጥታ አልነበረም።

የወላይታ ገጠር በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው ገጠሮች አንዱ ነው። ገበሬው ተዳፋት ላይ የሚኖረው ሜዳ ጠልቶ አይደለም፤ ሜዳው ስለሞላ ነው። በመሆኑም «ከዚያ ተነሥ» የሚለው ቃል፣ የት እንደሚሄድ ካልተነገረው፣ ምክር ሊባል አይችልም። ማስፈር የሚገባው ቦታ ላይ መሬት ተሰጥቶ መስፈር አለበት፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። እስከዚያው ግን ከሕጉ በቀጥታ የሚወጡ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ስንጥቅ። ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ በግራና በቀኙ አንዳንድ ችካል መትከልና ርቀታቸውን በየጠዋቱ በገመድ መለካት ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት እንጨት፣ አንድ ገመድና አንድ ደብተር ነው። ርቀቱ ጨመረ ወይ ብቻ ሳይሆን ጭማሪው ራሱ ጨመረ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው ዋናው። ጭማሪው ከጨመረ ያን ዕለት ከዚያ መውጣት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ በከባድ ዝናብ ጊዜ መሬት ይህን ያህል ቀጠሮ ሳይሰጥ ሊሄድ ይችላልና፣ ስንጥቅ ያለበት ተዳፋት ሥር ዝናብ በሚያወርድ ሌሊት አለማደር ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ውሃ። ከስንጥቁ በላይ ቦይ ቀዶ ጎርፉን ወደ ጎን ማስወጣት፣ ስንጥቁንም በሸክላ ጠቅጥቆ መድፈን፣ ለተዳፋቱ የግድቡን የውሃ መውጫ እንደ መሥራት ነው። እዚህ ላይ አንድ ልብ ያልተባለ ነገር አለ። እርከን አፈር እንዳይታጠብ ይጠብቃል፤ የሚጠብቀውም ውሃውን አቁሞ መሬት ውስጥ በማስረግ ነው። ይህ በአብዛኛው ቦታ መልካም ነው። ለመናድ በተቃረበ ተዳፋት ላይ ግን ውሃ ማስረግ ሰበቃን ማሰረቅ ነው። አንድ ሥራ በአንድ ቦታ መድኃኒት፣ በሌላ ቦታ መርዝ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየውም ስሌቱ ነው።

ሦስተኛ፣ ምልክቶች። ቀጥ ብሎ የነበረ ዛፍ ወይም አጥር ወደ ቁልቁል ሲያዘነብል፣ ይዘጋ የነበረ በር አልዘጋ ሲል፣ ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ሲፈልቅ፣ የጠራው ምንጭ ሲደፈርስ። እነዚህን በመጀመሪያ የሚያያቸው የሳይንስ ሊቅ አይደለም፤ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ የወጣች እናት ናት። እሷ ያየችውን የሚቀበል፣ የሚጽፍ፣ ለሚመለከተው የሚያደርስ ሰው ቢኖር ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው።

ይህ ሰው ማን ይሁን? ከዚህ ግቢ ብዙዎቻችን የወጣነው ከተዳፋት አገር ነው። ክረምት ላይ ወደየቤታችን እንመለሳለን፤ ያ ወቅት ደግሞ መሬቱ ውሃ የሚሞላበት ወቅት ነው። ሁለተኛውን ሕግ በቃሉ የያዘ ተማሪ ችካል ተክሎ፣ ገመድ ዘርግቶ፣ ለታናናሾቹም አለካኩን አሳይቶ ቢመለስ፣ ሕጉ ከደብተር ወጥቶ መንደር ገባ ማለት ነው። ፊሎፖኖስ ሁለት ክብደት ሲለቅ፣ ጋሊሌዮ ውሃ ሲመዝን፣ ቴርዛጊ አፈር ሲጭን ያደረጉት ከዚህ እምብዛም የራቀ አልነበረም። ዓይን ያየውን አላመኑም፤ ለኩት።

የጊቤ 3 ግድብ የቆመው ማንም «ይቆማል» ብሎ ስላመነ አይደለም። ሊወድቅ የሚችልበት መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ ስለታሰበ ነው። ከግድቡ በላይ በተዳፋቱ ላይ ያለችው ጎጆም ያንኑ ያህል ልትታሰብ ይገባታል።